የአይሁድን ቅዱሳት መጻሕፍት በእንግሊዝኛ ለሚያጠና ሰው፦ የትርጉም አመራረጥ

በጣና ዳር ላደገ ሰው የኦሪት ዘፀአት ሁለተኛ ምዕራፍ በሩቅ አገር የተፈጸመ ታሪክ አይመስለውም። የሙሴ እናት ልጇን መሸሸግ ባቃታት ጊዜ የደንገል ሣጥን አዘጋጅታ፣ ዝፍትና ቅጥራን ለቅልቃ፣ ሕፃኑን በውስጡ አኑራ በወንዙ ዳር በቄጠማው መካከል እንዳስቀመጠችው አማርኛው ይነግረናል። ደንገሉን እናውቀዋለን፤ ታጭዶ ሲደርቅ፣ ታስሮ ታንኳ ሲሆን፣ ታንኳውም ከዘጌ በኩል እንጨት ጭኖ ወደ ባሕር ዳር ሲቀዘፍ አይተናል። ደንገል ውኃ እንደሚጠጣና እየቆየ እንደሚከብድ የሚያውቅ ሰው ዝፍቱ ለምን እንዳስፈለገ አይጠይቅም።

የአይሁድን ቅዱሳት መጻሕፍት በእንግሊዝኛ ለማጥናት በፈለግሁ ጊዜ ያገኘኋቸውን ትርጉሞች የመዘንኋቸው በዚሁ ቁጥር ነው። ጁዊሽ ፐብሊኬሽን ሶሳይቲ የተባለው የአሜሪካ አሳታሚ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1917 ያወጣው ትርጉም «አርክ» የሚለውን የኖኅን መርከብ ስም ለሙሴ ሣጥንም ይሰጠዋል፤ ያው ድርጅት በ1985 ያሳተመው አዲስ ትርጉም «ዊከር ባስኬት»፣ ማለትም የተጎነጎነ ቅርጫት ይለዋል፤ በ1995 የታተመው የኤቨረት ፎክስ ኦሪት ደግሞ ትንሽ «አርክ» ብሎ፣ የተሠራበትን ደንገል «ፓፒረስ» በሚለው ስሙ ይጠራዋል። በዕብራይስጡ ያለው ቃል «ቴባ» ነው። ይህ ቃል በመላው የዕብራይስጥ መጽሐፍ ለሁለት ነገሮች ብቻ ይውላል፤ ለኖኅ መርከብና ለዚህ ለሙሴ ሣጥን። በዝፍት ተለቅልቆ ከውኃ ሞት ያዳነ ዕቃ ሁለት ጊዜ በአንድ ስም ሲጠራ አንባቢው የኖኅን ታሪክ እንዲያስታውስ ይጋበዛል። የእኛ አማርኛ አንዱን መርከብ፣ ሌላውን ሣጥን ስለሚለው ይህ ዝምድና አይታይበትም፤ በ1985ቱም እንዲሁ።

እዚህ ላይ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ልዩ ጥንቃቄ የሚያሻው ነገር አለ። እንግሊዝኛው የኖኅን መርከብም የቃል ኪዳኑን ታቦትም «አርክ» ይላቸዋል፤ በዕብራይስጥ ግን የቃል ኪዳኑ ታቦት «አሮን» ነው፤ በአማርኛ ፊደል ሲጻፍ ከካህኑ ስም ጋር ቢመሳሰልም ቃሉ ሌላ ነው። በሌላ በኩል የእኛ «ታቦት» በድምፅ የሚቀርበው ለ«ቴባ» ነው፤ የቋንቋ ሊቃውንትም ዝምድና እንዳላቸው ይናገራሉ። ታቦተ ጽዮን ወደ አክሱም ከመሄዷ በፊት በጣና ቂርቆስ ደሴት እንደ ቆየች የሚነገረውን ትውፊት እየሰማ ያደገ ሰው እንግሊዝኛው በሁለቱም ቦታ «አርክ» ሲል ቢያገኝ ሁለቱ በዕብራይስጥም አንድ ቃል ናቸው ብሎ ትልቅ ሐተታ ሊገነባበት ይችላል። የትርጉም ምርጫ ወደ ምን ዓይነት መደምደሚያ እንደሚወስድ ከዚህ ይታወቃል።

ቅርጫት ያለው ትርጉም ተሳስቷል እያልሁ አይደለም። የ1985ቱ ተርጓሚዎች የዕብራይስጡን ቃላት አንድ በአንድ ከመከተል ይልቅ የዓረፍተ ነገሩን ሐሳብ የዘመኑ ሰው በሚናገረው እንግሊዝኛ ማስቀመጥን መርጠዋል፤ ፎክስ ደግሞ የቃላቱን ድግግሞሽና የንባቡን ዜማ ለመጠበቅ ሲል እንግሊዝኛውን ያጎረብጠዋል። እንግሊዝኛን በትምህርት ቤት ለተማረ ሰው፣ ማለትም ለአብዛኞቻችን፣ ዋናው መጽሐፍ የ1985ቱ ቢሆን ይሻላል ባይ ነኝ። ይህ ትርጉም በአንድ ጊዜ የወጣ አይደለም፤ ኦሪቱ በ1962፣ ነቢያቱ በ1978፣ ጽሑፋቱ በ1982 ታትመው በ1985 በአንድ ጥራዝ ተጠቃለሉ። የ1917ቱ በነጻ በየቦታው ስለሚገኝ ብዙ ሰው የሚጀምረው በእርሱ ነው፤ ነገር ግን ቋንቋው የጥንቱን የእንግሊዝ ንጉሥ የያዕቆብን መጽሐፍ ቅዱስ ቃና የያዘ ስለሆነ፣ አንባቢው መጽሐፉን ማጥናቱ ቀርቶ የድሮ እንግሊዝኛ ሲፈታ ይውላል።

የ1985ቱን የምወድበት ሌላ ምክንያት ሐቀኝነቱ ነው። በግርጌ ማስታወሻዎቹ የዕብራይስጡ ትርጉም እርግጠኛ እንዳልሆነ በግልጽ የሚናገርባቸው ቦታዎች ብዙ ናቸው። ለምሳሌ ዘፍጥረት ምዕራፍ 4 ቁጥር 8ን እንመልከት። በአማርኛችን ቃየን ወንድሙን አቤልን «ና ወደ ሜዳ እንሂድ» ይለዋል። በዕብራይስጡ ማሶራዊ ጽሑፍ፣ ማለትም አይሁድ ሲወርድ ሲዋረድ ጠብቀው ባቆዩት የዕብራይስጥ ንባብ፣ ግን ቃየን አቤልን «አለው» ተብሎ ያለው ነገር ሳይጻፍ በቀጥታ በሜዳ ሳሉ ወደ ተፈጸመው ይታለፋል፤ የግብዣው ቃል የሚገኘው እንደ ሰባ ሊቃናት የግሪክኛ ትርጉም ባሉ ጥንታውያን ትርጉሞች ነው። የ1985ቱ በጉድለቱ ቦታ ነጠብጣብ አስቀምጦ የጥንቶቹን ንባብ በግርጌ ያሳያል። የ1917ቱ ቃየን ለወንድሙ ተናገረ ብሎ ያልፈዋል፤ አንባቢው የጎደለ ነገር መኖሩን አያውቅም። አዲስ ትርጉም ሲያጋጥምዎ መጀመሪያ ይህን ቁጥር ይክፈቱ፤ አዘጋጆቹ ለአንባቢያቸው ምን ያህል እንደሚገልጡለት በግማሽ ደቂቃ ይረዳሉ።

መግዛት የሚችል ሰው የ1985ቱን ትርጉም ለብቻው ከመግዛት ይልቅ፣ ከነማብራሪያው በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ የታተመውን ጁዊሽ ስተዲ ባይብል ቢያገኝ ይጠቀማል። አዴል በርሊንና ማርክ ብሬትለር ያዘጋጁት ይህ መጽሐፍ መጀመሪያ በ2004፣ ተሻሽሎ ደግሞ በ2014 ወጥቷል። ማብራሪያው የዘመኑን የምርምር ሐሳብም የጥንት ረቢዎችን አፈታትም ይጠቅሳል። በአንድምታ ትምህርት ቤት ያለፈ ወይም አንድምታ ሲነገር የሰማ ሰው በዚህ ረገድ ከብዙ ምዕራባዊ አንባቢ የተሻለ ዝግጁ ነው፤ ረቢዎቹ ሚድራሽ በሚባለው የመጽሐፍ ፍቺያቸው አንዱን አፈታት ከሰጡ በኋላ «ዳቫር አሔር» ብለው ሌላውን ይቀጥላሉና። ሐረጉ ቃል በቃል «ሌላ ነገር» ማለት ሲሆን፣ ሥራው ግን የእኛ መምህራን «አንድም» ከሚሉት ጋር አንድ ነው።

ለማመሳከሪያ የሚሆነው ሁለተኛው መጽሐፍ የሮበርት ኦልተር ነው። ኦልተር ሙሉውን የዕብራይስጥ መጽሐፍ ብቻውን ተርጉሞ በ2018 በሦስት ጥራዞች አሳትሞታል። በሙሴ ታሪክ «አርክ» የሚለውን ቃል ጠብቆ፣ ከኖኅ ጋር ያለውን ዝምድና በማስታወሻው ያስረዳል፤ እንግሊዝኛውም ከፎክስ ይልቅ ይለሰልሳል። የፎክስን ለጀማሪ አልመክርም፤ አንድ ምዕራፍ በ1985ቱ ተነብቦ ካበቃ በኋላ ያንኑ በፎክስ ድምፅን ከፍ አድርጎ ማንበብ ግን ጥሩ ልምምድ ነው።

አርትስክሮል የሚያሳትማቸው መጻሕፍት በኦርቶዶክስ አይሁድ ምኩራቦች በሰፊው ያገለግላሉ። የእነርሱ ትርጉም በአብዛኛው የአሥራ አንደኛው መቶ ዘመን መምህር ረሺ የፈታውን ስለሚከተል፣ የሚነበበው ትርጉሙ ከነአፈታቱ ተዋሕዶ ነው። መኃልየ መኃልይ ይህን ያሳያል፤ የፍቅረኞቹ ንግግር በቀጥታ አይሰጥም፤ በእግዚአብሔርና በእስራኤል መካከል ባለ ፍቅር ተተርጉሞ ይቀርባል። የአይሁድ ትውፊት መጽሐፉን እንዴት እንደሚረዳ ለሚያጠና ሰው ይህ ትልቅ ሀብት ነው፤ ዕብራይስጡ በቃሉ ምን እንደሚል ለሚፈልግ ግን አይሆንም። የእግዚአብሔርንም ስም «ሃሼም» ይሉታል፤ ትርጉሙ «ስሙ» ማለት ነው። ፎክስ የእግዚአብሔር ስም በዕብራይስጥ የሚጻፍባቸውን አራቱን ፊደላት (ይ-ህ-ወ-ህ) ሳይነካ ያስቀምጣል፤ የ1985ቱ «ሎርድ» ይላል። በአማርኛችን ዘፍጥረት 1 ላይ «ኤሎሂም» የሚለውም ሌላ ቦታ አራቱ ፊደላት የሚጻፉበትም «እግዚአብሔር» ስለሚባል፣ ልዩነቱን ለማየት ከፈለጉ ትርጉሙ ስሞቹን እንዴት እንደሚለይ አስቀድመው ይወቁ።

ኢሳይያስ ምዕራፍ 7 ቁጥር 14 ላይ ደግሞ ክርስቲያን አንባቢ መደንገጡ አይቀርም። አማርኛው «ድንግል» ያለውን የአይሁድ ትርጉሞች «ወጣት ሴት» ይሉታል። ዕብራይስጡ «ዓልማ» ነው፤ ሰባ ሊቃናት ወደ ግሪክኛ ሲመልሱት ድንግል የሚል ቃል መረጡ፤ የግዕዙ መጽሐፍም በብዛት የግሪክኛውን ተከትሏል። በዚህ ቁጥር ምክንያት መጽሐፉን መጣል አያስፈልግም፤ ልዩነቱ ከየት እንደመጣ አውቆ ማንበብ ይበቃል።

ወደ ግዢው ስመጣ የራሴን ስሕተት ልናገር። ከጥቂት ዓመታት በፊት አክስቴ ከውጭ ሲመጡ «የአይሁድ መጽሐፍ ቅዱስ ይዘውልኝ ይምጡ» ብዬ አስቸገርኋቸው። ያን የሚያህል ከባድ መጽሐፍ በሻንጣቸው ተሸክመው አመጡልኝ፤ ስከፍተው አምስቱ ብሔረ ኦሪትና በሰንበት የሚነበቡ የነቢያት ክፍሎች ብቻ ናቸው። ኢሳይያስን በሙሉ የፈለግሁ እኔ ኦሪትን ይዤ ቀረሁ። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ «ሑማሽ» ማለት አምስቱ መጻሕፍት፣ «ታናክ» ማለት ደግሞ ኦሪት፣ ነቢያትና ጽሑፋት በአንድነት መሆናቸውን ለይቼ አልነገርኋቸውም። በተቃራኒው ደግሞ በሽፋናቸው ላይ «ጁዊሽ» የሚል ቃል ኖሮ አዲስ ኪዳንን የሚጨምሩ መጻሕፍት አሉ፤ በ1998 የወጣው የዴቪድ ስተርን ትርጉም አንዱ ነው። ስለዚህ ከርእሱ ይልቅ ማውጫውን ይመልከቱ። በታናክ 24 መጻሕፍት ይቈጠራሉ፤ ለምሳሌ ሁለቱ ሳሙኤሎች አንድ፣ አሥራ ሁለቱ ደቂቀ ነቢያትም አንድ ሆነው ስለሚታሰቡ ነው እንጂ የጎደለ ነገር ኖሮ አይደለም። መጨረሻው ሚልክያስ ሳይሆን ዜና መዋዕል ነው። ሄኖክንና ኩፋሌን በዚያ አይፈልጉ።

የምዕራፍና የቁጥር አቈጣጠሩም ያደናግራል። በዳዊታችን 50ኛው መዝሙር የሆነው «ማረኝ» የሚለው ጸሎት በታናክ 51ኛው ነው፤ የመዝሙሩ ርእስም እንደ ቁጥር ስለሚታሰብ ልመናው የሚጀምረው ከቁጥር 3 ነው። የሚልክያስ ምዕራፍ 4 በታናክ የምዕራፍ 3 መጨረሻ ሆኖ ይገኛል። በዕድር ወይም በማኅበር ተሰባስባችሁ የምታነቡ ከሆነ፣ አንዱ አማርኛ ሌላው እንግሊዝኛ ሲይዝ ጥቅሱ «የለም» እየተባለ የሚባክነው ጊዜ ቀላል ስላልሆነ ይህን ለሁሉም አስቀድማችሁ ንገሩ።

መጽሐፍ ማስመጣት ላልተቻለው ሰው ሰፋሪያ የተባለው ነጻ የስልክ መተግበሪያ አለ። የ1917ቱን፣ የ1985ቱን፣ በ2023 የወጣውን የዚያኑ ድርጅት ማሻሻያና የፎክስን ኦሪት ከዕብራይስጡ ጋር ያቀርባል። ዋይፋይ ባለበት ቦታ መጻሕፍቱን አስቀድመው ቢያወርዱ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ያነባሉ፤ በደሴት ገዳማት አካባቢ ኔትወርክ ሲጠፋም አይቸገሩም። የኦልተር ግን በዚያ ስለማይገኝ መግዛት ያስፈልጋል።

ንባቡን ከሩት ይጀምሩ፤ አራት ምዕራፎች ብቻ ያሏት፣ ቋንቋዋም የቀለለ መጽሐፍ ናት፤ የአጨዳውና የቃርሚያው ወሬም ለእኛ ገበሬ አገር ማብራሪያ አይፈልግም። ቀጥሎ ዘፀአትን ከመጀመሪያው እስከ ምዕራፍ 15 ይሂዱበት፤ በዚያ መጨረሻ ላይ አማርኛው የኤርትራ ባሕር ያለውን የ1985ቱ የቄጠማ ባሕር ሲለው ያገኙታል፤ ዕብራይስጡ «ያም ሱፍ» ነው፤ «ሱፍ» ደግሞ ያ የሙሴ ሣጥን የተቀመጠበት ቄጠማ ነው። ኢዮብን ለመጨረሻ ያቆዩት። ትርጉሙ እርግጠኛ አይደለም የሚለው ማስታወሻ በዚያ መጽሐፍ ከገጽ ገጽ ስለሚበዛ፣ እዚያ ሲደርሱ ሁለቱንም መጻሕፍት፣ የ1985ቱንና የኦልተርን፣ ጎን ለጎን ዘርግተው መቀመጥ ይኖርብዎታል።