ስኳር ድንች ስትጠብሱ እንዳይላሽቅባችሁ፦ የብራንች ስህተቶች ከድሬዳዋ

እኛ ጋ ስኳር ድንች ማለት ቅቅል ነው። ታጥቦ ከነልጣጩ ይጣዳል፣ በሻይ ይበላል፣ አለቀ። ቅቅሉ ምንም አይወጣለትም። አሁን አሁን ግን እሁድ ረፋድ ላይ ለብራንች (ቁርስና ምሳን አንድ ላይ ለሚያደርግ ማዕድ) እንግዳ ሲጠራ በአሜሪካኖቹ አሠራር መጥበስ የሚሞክረው ሰው በዝቷል። ስኳር ድንቹ በትንንሹ ይከተፋል፣ በቀይ ሽንኩርትና በቃሪያ ይጠበሳል፣ ስጋ ጣል ይደረግበታል፣ ከላይ እንቁላል ይወጣለታል። ሃሽ ይሉታል። ቁርስም ምሳም የሚሆን፣ እስከ ማታ የሚይዝ ምግብ ነው።

ችግሩ ብዙ ቤት የሚወጣው ነገር ጥብስ አይደለም፣ ገንፎ ነው። ወይ ደግሞ ከውጭ ከስሎ መሃሉ ጥሬ ይሆናል። ምክንያቱ ዞሮ ዞሮ አንድ ነው፦ ስኳር ድንችን እንደ ተራው ድንች አድርጎ ማየት። ሁለቱ ዘመድ እንኳን አይደሉም። ተራው ድንች ከቲማቲምና ከቃሪያ ቤተሰብ ነው፣ ስኳር ድንች ግን መሬት ለመሬት የሚሳብ የሐረግ ዘር ነው። ስኳሩ ብዙ ስለሆነ ቶሎ ይጠቁራል፣ ቶሎም ይለሰልሳል። ይሄን የያዘ ሰው ከታች ያሉትን ስህተቶች ግማሹን አይሠራም።

ገበያ ላይ ትልቁን ማንሳት

ቀፊራ ገበያ ስትገቡ መደብ መደብ ተደርጎ ታገኙታላችሁ። ብዙ ሰው ዓይኑ ትልቁ ላይ ያርፋል። ትልቁ ግን ብዙ ጊዜ ቃጫ ይበዛዋል፣ ለመጥበስ አይመችም። መካከለኛ፣ ቆዳው ያልተጨማደደ፣ እጅ ላይ ከበድ የሚል ምረጡ።

ከዚያ አገላብጡና ቆዳውን እዩ። በተለይ ከሐረጉ ጋር ተያይዞ የነበረውን ጫፍ። እዚያ አካባቢ በመርፌ የተወጋ የሚመስሉ ትንንሽ ቀዳዳዎች ካሉ አስቀምጡትና ሌላ አንሱ። የስኳር ድንች ነቀዝ ገብቶበታል ማለት ነው። እንደኛ ባለ ሞቃትና ደረቅ አካባቢ ይህ ነቀዝ ይበረታል። ቤት ወስዳችሁ ብትቆርጡት ውስጡ ላይ ጥቁር ቡናማ መንገድ ታያላችሁ፣ ሽታውም ሌላ ነው። «የተበላውን ቆርጬ እጥለዋለሁ» ማለት አይሠራም። ስኳር ድንቹ ነቀዙን ለመከላከል መራራ ነገር ያመነጫል፣ ምሬቱ ደህና ወደሚመስለው ክፍልም ይሄዳል፣ ቢበስልም አይጠፋም። አንዱ መራራ ደግሞ መጥበሻውን ሙሉ ያበላሻል።

ስለ ቀለሙም ላንሳ። ነጩ ደረቅና ስታርች የበዛበት ስለሆነ ሲጠበስ ቅርፁን ይይዛል። ሀረማያ ዩኒቨርሲቲ ካወጣቸው ዝርያዎች አዱና በርኩሜን ገበሬዎቹ ያውቋቸዋል። ብርቱካናማው፣ እነ ቱላና ኩልፎ፣ ውሃ ይበዛዋል፣ ይጣፍጣል፣ ሰውነታችን ወደ ቫይታሚን ኤ የሚቀይረው ንጥረ ነገር ሞልቶበታል። ብርቱካናማውን ብቻ ከጠበሳችሁ የመላሸቅ ዕድሉ ከፍ ይላል። ሁለቱንም ካገኛችሁ ግማሽ በግማሽ አድርጉት። ሳህን ላይ መልኩም ያምራል።

ፍሪጅ ውስጥ ማስቀመጥ

ድሬ ላይ ሙቀቱ ስለሚያስጨንቀን ያገኘነውን ሁሉ ፍሪጅ ውስጥ እንከታለን። ጥሬ ስኳር ድንች ግን ፍሪጅ አይወድም። ከ13 ዲግሪ በታች ሲሆን ውስጡ ይጎዳል። ከላይ ምንም አይታይበትም። ስታበስሉት ግን መሃሉ ድርቅ ብሎ ይቀራል፣ የፈለጋችሁትን ያህል ብትጠብሱት አይለሰልስም። ብዙ ሰው «የዘንድሮው ስኳር ድንች አይበስልም» ብሎ ገበሬውን የሚያማው ራሱ ፍሪጅ ውስጥ አሳድሮት ነው።

አየር በሚያገኝበት ጥላ ቦታ፣ ቅርጫት ወይም ካርቶን ውስጥ ይቀመጥ። ፌስታል ውስጥ ቋጥራችሁ አትተዉት፣ ያልበዋል፣ ይበሰብሳል። ከመጠቀማችሁ በፊትም አትጠቡት። ሙቀቱ ሲከር ደግሞ ቶሎ ይበቅላል፣ ይጨማደዳል። ስለዚህ የሦስት የአራት ቀን ብቻ ግዙ፣ ገበያው የትም አይሄድም። አንዴ ከበሰለ በኋላ ግን ቦታው ፍሪጅ ነው።

እንደመጣ መክተፍ

አንዱ እንደ ባቄላ፣ አንዱ እንደ ዋልነት ከሆነ ትንሹ ሲከስል ትልቁ ገና ጥሬ ነው። አንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል፣ ማለትም የአውራ ጣት ጥፍር ስፋት ያህል፣ በቂ ነው። መጀመሪያ ከአንዱ ጎን ስስ ቆርጣችሁ ጠፍጣፋ መቀመጫ አውጡለት፣ ጠንካራ ስለሆነ ቢላው ይንሸራተታልና። ልጣጩ ንጹህ ከሆነ ተዉት፣ ይበላል። ቁርጥራጮቹን አንድ ላይ ለመያዝም ይረዳል።

እርጥቡን ዘይት ላይ መጣል

ይሄ ነው ዋናው። ጥብስን ገንፎ የሚያደርገው ውሃ ነው።

ጥሬውን በቀጥታ መጥበስ ይቻላል፣ ግን ትዕግስት ይፈልጋል፣ እንግዳ በር ላይ ሲደርስ ደግሞ ትዕግስት የለም። የሚሻለው በትንሹ ቀቅሎ መጥበስ ነው። ጨው ያለበት ውሃ ሲፈላ የተከተፈውን ጨምሩ፣ ድሬዳዋ ከሆናችሁ ከሦስት እስከ አራት ደቂቃ። ሐረር ላላችሁ አንድ ደቂቃ ያህል ጨምሩበት፣ ከተማዋ ከድሬ ብዙ ከፍ ስለምትል ውሃው በዝቅተኛ ሙቀት ነው የሚፈላው። ቢላ ስትወጉት ጠርዙ ይግባ፣ መሃሉ ይታገል። እሱ ላይ ስትደርሱ ቶሎ አውጡ። ሙሉ በሙሉ እስኪበስል ከጠበቃችሁ ያለቀለት ቅቅል ሆኗል፣ በሻይ ብሉትና ተገላገሉ።

አጥልላችሁ ወዲያው መጥበሻ ላይ አትገልብጡት። ንጹህ ጨርቅ ወይም ሰፊ ትሪ ላይ ዘርግታችሁ ተዉት። እንፋሎቱ ይውጣለት። ይሄ የድሬ ደረቅ አየር እዚህ ላይ ባለውለታችን ነው፣ አስር ደቂቃ ሳይሞላ ፊቱ ሲደርቅ ታዩታላችሁ። እጃችሁን ስታሳርፉበት ካልረጠበ ደርሷል። ይህን ማታ ላይ ጨርሶ በእቃ ከድኖ ፍሪጅ ማሳደርም ይቻላል። እንዲያውም የተሻለ ይጠበሳል፣ ጠዋትም ሙቀቱ ሳይነሳ ከኩሽና ትወጣላችሁ።

መጥበሻውን ማጨቅና ማማሰል

ለአራት ሰው አንድ ኪሎ ስኳር ድንች ያስፈልጋል። አንድ ኪሎ ግን አንድ መጥበሻ ላይ አይገባም፣ አቦ አትጨቁት! ሲደራረብ ከታች ያለው እንፋሎት ከላይ ያለውን ይቀቅለዋል። አንድ ረድፍ ብቻ ይሁን፣ የቀረው ሁለተኛ ዙር ይጠበቅ።

ወፍራም የብረት መጥበሻ ካላችሁ እሱን አውጡ። መጥበሻው ይጋል፣ ከዚያ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ ከዚያ ስኳር ድንቹ፣ ከዚያ እጃችሁን ሰብስቡ። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ወጥ ስንሠራ ማማሰል ስለለመድን እጃችን አያርፍም። ለአራት ደቂቃ ያህል አትንኩት። በጆሯችሁ ተከታተሉት፦ ጭስስስ እያለ ከቀጠለ እየተጠበሰ ነው። ድምፁ ወደ ቱክ ቱክ ከተቀየረ ውሃ አለ፣ እሳቱን ትንሽ ከፍ አድርጉት። የታችኛው ጠርዝ ላይ ቡናማ መስመር ከጎን ሲታያችሁ፣ አንዱን አንሱና እዩት፤ ራሱ ከመጥበሻው ከተላቀቀ ደርሷል፣ ከያዘ ተጨማሪ ደቂቃ ስጡት። በግድ ከፋቃችሁት ጥሩው ቅርፊት መጥበሻው ላይ ይቀራል። ሁለት ሦስት ጊዜ በጠፍጣፋ ማገላበጫ ማዞር ይበቃል።

እሳቱ መካከለኛ ነው። ስኳሩ በኃይለኛ እሳት ይከስላል። በከሰል የምትሠሩ ከሆነ ፍሙን አመድ አልብሱት ወይም ወደ ጎን ግፉት።

ቅቤ የሚወድ ሰው ለጋ ቅቤ ላይ እንዳይጠብስ፣ ይቃጠላል። ንጥር ቅቤ ግን እሳት ይችላል። መጨረሻ ላይ አንድ ማንኪያ ጠብ ማድረግ ደግሞ መዓዛውን ይቀይረዋል። ስቡን ፈርታችሁ ዘይቱን አታጥፉት፣ የብርቱካናማው ስኳር ድንች ጥቅም ወደ ሰውነት የሚገባው ከስብ ጋር ሲበላ ነው።

ሁሉንም አንድ ላይ መጨመር

ቀይ ሽንኩርት ውሃ አለው። ከስኳር ድንቹ ጋር እኩል ከገባ ሁለቱም ይቀቀላሉ። ስኳር ድንቹ ቡናማ ከሆነ በኋላ ወደ ጎን ገፋ አድርጋችሁ ባዶው ቦታ ላይ ሽንኩርቱን ጥበሱ። ሁለት ራስ ይበቃል። ሲለሰልስ ቃሪያ፣ መጨረሻ ላይ ነጭ ሽንኩርት፣ እሱ አንድ ደቂቃ ብቻ ነው የሚፈልገው።

በርበሬና ከሙን ከዚያ በኋላ ነው። በርበሬ በጋለ ዘይት ላይ ብቻውን ሲወድቅ ይቃጠላል፣ ይመራል። እሳቱን ቀንሳችሁ በትንሹ ነስንሱት፣ አገላብጡት፣ አለቀ።

ቲማቲም መጥበሻ ውስጥ አይግባ። እስካሁን ያደረቅነውን ሁሉ መልሶ ያረጥበዋል። ጥሬውን በደቃቁ ከትፋችሁ ለብቻው አቅርቡት።

ሳይጠይቁ ስጋውን ማቀላቀል

ድሬዳዋም ሐረርም የአንድ ሰው እንግዶች ሙስሊምም ክርስቲያንም ናቸው። ስጋው የየት እንደሆነ ለብዙ ሰው ትልቅ ጉዳይ ነው። ስጋው አንዴ መጥበሻው ውስጥ ከተደባለቀ የማይበላው እንግዳ ዳቦና ሻይ ብቻ ይዞ ይቀመጣል፣ አስተናጋጁም ያፍራል። ቀድማችሁ ጠይቁ። ካልጠየቃችሁ ደግሞ ዋናውን መጥበሻ ከስጋ ነፃ አድርጉት፣ ስጋውን በሌላ መጥበሻ፣ በሌላ ማማሰያ ሠርታችሁ በሌላ ሳህን አቅርቡት። እንቁላሉ ለሁሉም ይሆናል። የሚጾም ካለ ከእንቁላሉና ከቅቤው በፊት ድርሻውን አንሱለት፣ የተቀቀለ ሽምብራ ወይም ትንሽ ፉል ጨምሩበት፣ ከማንም የማያንስ ሳህን ይሆናል።

ስጋው ለብቻው መጠበሱ ለጣዕምም ጥሩ ነው። ሩብ ኪሎ በደቃቁ የተከተፈ የበሬ ስጋ ውሃውን እስኪጨርስ ይጠበስ። ቋንጣ ካለ እሱ ይበልጣል፤ ጨዉና ቅመሙ ከስኳር ድንቹ ጣፋጭነት ጋር ልክክ ይላል። ቋንጣ ስትጨምሩ ሌላ ጨው ከማድረጋችሁ በፊት ቅመሱ።

እንቁላሉን ቀድሞ መስበር

እንቁላል የሚሰበረው ሰው ከተቀመጠ በኋላ ነው። በስኳር ድንቹ መሃል በማንኪያ ጉድጓድ አድርጋችሁ ስበሩበት፣ ክዳን ግጠሙ፣ እሳቱን አሳንሱ። ከአራት እስከ አምስት ደቂቃ ነጩ ይረጋል። አስኳሉ ፈሰስ እንዲል የሚፈልግም በደንብ እንዲበስል የሚፈልግም እንግዳ አለ፣ ሁለቱንም በአንድ ክዳን ስር ማስደሰት አይቻልም። እንዲህ ከሆነ እንቁላሉን በሌላ መጥበሻ ለየብቻ ጠብሳችሁ ከላይ አስቀምጡ። ከስኳር ድንቹ ጋር መምታት ግን አያስፈልግም። ያኔ እንቁላል ፍርፍር ሆነ።

ጣፋጭ ላይ ጣፋጭ መጨመር

ካቻፕ የሚያፈሱበት ሰዎች አይቻለሁ፣ ማርም እንደዚሁ። ስኳር ድንቹ የራሱን ስኳር ይዞ መጥቷል። የሚጎድለው ጎምዛዛና የሚያቃጥል ነገር ነው። ቃሪያ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ጨውና ሎሚ አንድ ላይ ፈጭታችሁ አጠገቡ አቅርቡ። ሎሚ ራሱ ተቆርጦ ጠረጴዛው ላይ ይኑር። ሎሚው ሳህን ላይ ይጨመቅ፣ መጥበሻ ላይ ከተጨመቀ ቅርፊቱን ያለሰልሰዋል። ደፍሮ ሚጥሚጣ የሚነሰንስ ካለ እሰየው። ከሞቀ ዳቦ ጋር፣ ከቡና ወይም ከወተት ሻይ ጋር ይሄዳል። ሐረር ከሆናችሁ ቁቲ (የቡና ቅጠል) በወተት አፍሉለት።

ከተረፈ ክዳን ገጥማችሁ ምድጃ አጠገብ አታውሉት፣ በዚህ ሙቀት ከሰዓት በኋላ አይታመንም። እንቁላሉን ነጥላችሁ ስኳር ድንቹን ፍሪጅ አስገቡ። በማግስቱ ውሃ ሳትጨምሩ በደረቅ መጥበሻ አሙቁት፣ ካልሆነም በሹካ ደፍጠጥ አድርጋችሁ ቃሪያ ጨምሩበትና ሳምቡሳ ሙሉበት።