ጣውላው ከተወላገደ የባንድሶውን ጥርስ እየው

አቦ፣ የባንድሶው (ግንድ የሚሰነጥቀው፣ ምላጩ እንደ ቀበቶ የሚዞር መጋዝ) ምላጭ ቶሎ ደነዘዘ ብለህ ከማማረርህ በፊት ግንዱን እየው። ድሬ ላይ ግንድ ከመኪና ወርዶ የሚንከባለለው አሸዋ ላይ ነው፣ ቅርፊቱ ውስጥ የተሰገሰገው ደቃቅ አሸዋ ደግሞ ስለቱን ይበላዋል። ቅርፊቱን ላጥ። ካልቻልክ በሽቦ ብሩሽ ጥረገው።

ጣውላው ሲወላገድ ግን ጥፋቱ ሁሌ የስለት አይደለም፣ ብዙ ጊዜ የጥርስ ማጋደል ነው። በተለመደው አደራደር አንዱ ጥርስ ወደ ግራ፣ አንዱ ወደ ቀኝ ያጋድላል፣ ሦስተኛው ቀጥ ይላል። እነዚህ ያጋደሉት ከምላጩ ውፍረት ሰፋ ያለ መንገድ ይከፍታሉ፤ ያ ባይኖር የምላጩ ገላ እንጨቱን እየፈተገ ይግላል። አንዱ ጎን ከሌላው ከበለጠ ደግሞ ምላጩ ወደዚያው ይሳባል።

መጀመሪያ ጓንትና መነጽር አድርግ፣ የተጠቀለለ ምላጭ ሲፈታ በድንገት ይፈናጠራል። ምላጩ ላይ የተጣበቀውን የእንጨት ሙጫ ናፍጣ በነካ ጨርቅ አጽዳ። ከዚያ በጥርሶቹ መሃል ያለውን ጎድጓዳ ቦታ አንድ በአንድ እየው፤ ስንጥቅ ካገኘህበት አትሳለው፣ ማሽን ላይ ይበጠስብሃል።

ቀጥሎ ማጋደል ነው። እኔ ከመሳል በፊት ነው የማደርገው፣ ማጋደያ መሣሪያው የጥርሱን ጫፍ ቢነካው እንኳ መሳሉ ያስተካክለዋል። የጥርሱን የላይኛውን ሲሶ ብቻ ግፋ። ከስሩ ካጎበጥከው ይሰነጠቃል። በየጎኑ ከ0.4 እስከ 0.6 ሚሊሜትር ይበቃል፦ ለደረቅ ግራር ወይም ቆላውን ለወረረው የፕሮሶፒስ ዛፍ ወደ ታችኛው፣ ለለስላሳና ለርጥብ እንጨት ወደ ላይኛው። በዓይን አትገምት፣ በጌጅ (የማጋደል መለኪያ) ለካ። አንዱ ጎን 0.5 ሆኖ ሌላው 0.3 ከሆነ፣ የቱንም ያህል ብትስለው ቀጥ ያለ ጣውላ አታገኝም።

መሳሉ ላይ አትቸኩል። የመሳያ ማሽኑ ድንጋይ የጥርሱን ፊት ይንካ፣ ጎድጓዳውን ይዙር፣ በጀርባው ይውጣ፣ ሁሉም በአንድ ጉዞ። ጎድጓዳው ላይ ሹል ማዕዘን ከቀረ ስንጥቅ የሚጀምረው እዚያ ነው። የጥርሱ ፊት ወደፊት ያለው ዘንበል 10 ዲግሪ ለብዙው ስራ ይሆናል፣ ለጠንካራ እንጨት ወደ 7 ወይም 4 ይወርዳል። ስስ ስስ አድርገህ ደጋግም እንጂ በአንዴ አትጫነው፤ ጫፉ ሰማያዊ ከሆነ ተቃጥሏል፣ ጥንካሬውን አጥቷል፣ ያንን ክፍል እስኪጨርስ ድረስ መሳል ሊኖርብህ ነው።

ስራ ላይም አንዱን ምላጭ ቀኑን ሙሉ አታስለፋው፣ ከሁለት ሰዓት በላይ ሳይሄድ በሌላ ቀይረውና ይረፍ። ማታ ስትዘጋም ውጥረቱን አላላው።