ዳያል አፕ የምትጠቀሙ፣ ቢሉ ሳይመጣባችሁ አንብቡት

ይሄን የጻፍኩት ኢንተርኔት በቤት ስልክ መስመር፣ ሞደም በሚባል ዕቃ ቁጥር እየተደወለ በሚገባበት፣ ዳያል አፕ በምንለው ዘመን ነው፤ ዋጋውም አሰራሩም የዛን ጊዜው ነው።

ትናንት ደግሞ አንዱ ልጅ ከ250 ዶላር በላይ የሆነ የስልክ ቢል ይዞ ቤቴ መጣ። "ጋሼ፣ ኢንተርኔቱ በወር 20 ዶላር ነው ብለውኝ ነበር እኮ" ይለኛል። ኢንተርኔቱማ 20 ነው፣ ስልኩ ነው የበላህ። ከሳውዝ ዳኮታዋ ከተማ ከሱ ፎልስ ወጣ ብለን ገጠር የምንኖር ሰዎች ተራ በተራ የምንገባበት ጉድጓድ ስለሆነ ልጻፈውና ይውጣልኝ።

ዋናው ስህተት፣ ሞደሙ የሚደውልበት ቁጥር ኤሪያ ኮዱ (የስልኩ የመጀመሪያ ሶስት አሀዝ) ከኛ ጋር አንድ ስለሆነ ሎካል ነው፣ ማለት በደቂቃ አይቆጥርም ብሎ ማሰብ ነው። ኧረ ባካችሁ! ሳውዝ ዳኮታ እኮ ስቴቱ በሙሉ 605 ነው። ሱ ፎልስም 605፣ ማዶ ጥግ ያለችው ራፒድ ሲቲም 605፣ በመሀላቸው ግን የአምስት ሰአት መንገድ አለ። ከናንተ ስልክ የትኞቹ ከተሞች በሎካል እንደሚገቡ የስልክ ደብተሩ መጀመሪያ ገፆች ላይ አለላችሁ፣ ካልገባችሁ ደውላችሁ የስልክ ኩባንያውን ጠይቁ። ኢንተርኔት የሚሸጥላችሁን ሰውዬ አትጠይቁት፣ እሱ ቢላችሁን አይከፍልም። ሎካል ላልሆነ ጥሪ በደቂቃ 7 ሳንቲም ምን አላት ትሉ ይሆናል፣ በሰአት 4 ዶላር ከ20 ነው፣ በቀን ሁለት ሰአት ከገባችሁ በወር 252 ዶላር፣ ልጁም የሆነው ይሄው ነው።

ሌላው፣ ቅርብ ከሆነ ይረክሳል ማለት። እዚህ አገር ተገላቢጦሽ ነው። ማስታወቂያ ላይ የምታዩት 5 ሳንቲም ከስቴት ወደ ስቴት ለሚደወል ነው፣ እዛው ስቴት ውስጥ ስትደውሉ ታሪፉ ሌላ ነው፣ ብዙ ጊዜም ይብሳል፣ ምክንያቱም የመጀመሪያውን የሚቆጣጠረው ኤፍሲሲ (የፌዴራሉ የስልክ ተቆጣጣሪ) ሲሆን ሁለተኛውን ስቴቱ ራሱ ነው። እኛ ደግሞ የስቴት ድንበር አጠገብ ነን፣ ስለዚህ ሎካል ቁጥር ካጣችሁ የሚኒሶታ 507 ወይ የአዮዋ 712 ቁጥር ፈልጉ። እኔ ይሄን ለማወቅ አመት ፈጅቶብኛል።

በ10-10 የሚጀምሩት፣ ከቁጥሩ በፊት ተደውለው ጥሪውን በሌላ ኩባንያ የሚያሳልፉት ኮዶች ነገር፣ እስከ 20 ደቂቃ 99 ሳንቲም የሚለውን አይቼ ጎበዝ ነኝ ብዬ ሞደሙ ላይ አስገባሁት። ዝናብ በመጣ ቁጥር መስመሩ ይቆረጣል፣ ሞደሙ ራሱ መልሶ ይደውላል፣ አንድ ደቂቃም ቢቆይ 99 ሳንቲም። በአንድ ማታ 17 ጊዜ! ባለቤቴ ቢሉን ፍሪጁ ላይ ለጥፋው ከረመች።

አንሊሚትድ (ያለገደብ) የሚባል የስልክ ፕላን ስትገዙ ትንንሿን ጽሁፍ አንብቡ፣ ለድምፅ ብቻ የሚል አይጠፋም። ስልኩ በነፃ የሚገባው የ1-800 ቁጥር ቢሰጧችሁም ነፃ አይደለም፣ ኢንተርኔት ሰጪው በሰአት ያስከፍላል።

ወደ አዲስ አበባ በምንደውልበት ካርድ ሞደም አታስደውሉ። የካርዱ ኩባንያዎች ድምፁን ጨምቀው ሲያሳልፉት ለሰው ጆሮ ይበቃል፣ ሞደም ግን ጮሆ ጮሆ ይተዋል፣ ኮኔክሽን ፊዋ (የማገናኛ ክፍያዋ) ግን ከካርዱ ተቆርጣለች።

የሞደሙ ጩኸት ሰለቸኝ ብላችሁም ድምፁን አታጥፉ። በፈረንጆቹ 1997 ፎቶ ማያ ነው ተብሎ የሚወርድ ፕሮግራም የሰዉን ሞደም ድምፅ አጥፍቶ፣ መስመሩን ቆርጦ፣ ወደ ምስራቅ አውሮፓዋ ሞልዶቫ ቁጥር ይደውል ነበር፣ ኤፍቲሲ (የፌዴራሉ የሸማቾች ጥበቃ መስሪያ ቤት) ፍርድ ቤት ሄዶ ነው ያስቆመው። ኢንተርናሽናል ጥሪ አስዘጉ። ኢትዮጵያስ? ካርዱ የሚደወለው በ1-800 ስለሆነ አይነካውም።

ኢሜይል ደግሞ አውርዱ፣ መስመሩን ቁረጡ፣ ከዛ ሻያችሁን ይዛችሁ አንብቡ።

ለልጁ የ507 ቁጥር አስገብተንለታል። የድሮውን ቢል ግን በአራት ወር ከፋፍሎ ሊከፍል ተስማምቷል።