ማውስ ሳይነኩ ድምፅ መቅረጽና ማረም

ድምፅ የሚታረመው በጆሮ ነው። በስክሪኑ ላይ ሞገዱን እያዩ በማውስ ከመቁረጥ ይልቅ እያዳመጡ በኪቦርድ መቁረጥ ብዙ ጊዜ የጠራ ሥራ ያወጣል። ከዚህ በታች ያለው ኦዳሲቲ በሚባለው ነጻ የድምፅ መቅረጫና ማረሚያ ፕሮግራም የሚሠራ ነው፤ ማየት የተሳናቸው ኤንቪዲኤ ከሚባለው፣ ስክሪኑ ላይ ያለውን በድምፅ ከሚያነብ ነጻ የስክሪን አንባቢ ጋር ይጠቀሙበታል። ለምሳሌ ያህል ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ተቀምጠው የደንገል ታንኳ አሠራር የሚያስረዱ አንድ አባት ንግግር እንያዝ፤ ርዝመቱ 20 ደቂቃ ነው።

በመጀመሪያ ኪቦርዱ እንግሊዝኛ ላይ መሆኑን ያረጋግጡ። አማርኛ ላይ ከቀረ የ«አር» ቁልፍ ሲጫን ፕሮግራሙ የሚጠብቀው ፊደል አይደርሰውም፤ ቀረጻው ሳይጀምር እንግዳው ማውራት ይጀምራሉ። ዊንዶውስ ላይ የዊንዶውስ ቁልፍን ይዘው ስፔስ ሲጫኑ ቋንቋው ይቀየራል። ቀጥለው ኦዳሲቲ ውስጥ ኮንትሮልና ፒ ይጫኑ፣ በሚከፈተው የማስተካከያ መስኮት ኪቦርድ የሚለው ክፍል ውስጥ ገብተው ከዲፎልትስ ሥር «ፉል» የሚለውን ይምረጡ። ከምንጠቅሳቸው ቁልፎች አንዳንዶቹ «ስታንዳርድ» በሚለው ላይ አይገኙም።

ከሐይቁ የሚነሳው ንፋስ ቀን ላይ ስለሚበረታ በጠዋት መቅረጽ ይሻላል። ማይኩ ላይ ንጹሕ የሱፍ ካልሲ ማልበስ የንፋሱን ጉርምርምታ በደንብ ይቀንሰዋል፤ ኋላ በማጣሪያ ከመታገል ይህ ይቀላል። ማይኩን ከአፍ አንድ ስንዝር ያህል አርቀው ትንሽ ወደ ጎን ያድርጉት፤ ፊት ለፊት ከሆነ ጰ፣ ጠ እና ጨ ማይኩን ይመቱታል። ቤት ውስጥ ቻርጀር ሲሰካ ጥዝ የሚል ድምፅ ከመጣ የመብራቱ 50 ኸርዝ ነው፤ ቻርጀሩን ነቅለው በባትሪ ይቅረጹ። አንድ ሰው ብቻ ከሆነ የሚናገረው ሞኖ፣ ማለትም ባለ አንድ መስመር ድምፅ፣ ይበቃል። ኤንቪዲኤ የሚጠቀሙ ሰዎች ኤርፎን ማድረግ አለባቸው፤ አለዚያ የአንባቢው ድምፅ ቀረጻው ውስጥ ይገባል።

አር ቀረጻ ያስጀምራል፣ ፒ ለጊዜው ያቆማል፣ እንደገና ፒ ሲጫኑ ይቀጥላል፣ ስፔስ ይዘጋዋል። ማንም ሳይናገር 10 ሰከንድ ይቅረጹ፤ ይህ የቦታው ድምፅ፣ ማለትም የማዕበሉና የወፎቹ፣ በኋላ እጅግ ያስፈልጋል። ከዚያ እንግዳውን 20 ሰከንድ ያህል አናግረው መልሰው ያዳምጡ። ሲጮኹ የሚሰነጠቅ ድምፅ ካለ የማይኩን መጠን ይቀንሱ፤ የድምፅ መለኪያው ጣሪያ ዜሮ ነው፤ ከፍተኛው ድምፅ ከዚያ በታች ከ6 እስከ 12 ዴሲቤል ላይ ቢውል ጥሩ ነው። ዜሮ ላይ ደርሶ የተሰነጠቀ ድምፅ በኋላ ቢቀንሱትም ጥራቱ አይመለስም። ስፔስ ከተጫነ በኋላ አር ቢደገም ቀረጻው በዚያው ትራክ (የድምፅ መስመር) መጨረሻ ላይ ይቀጥላል፤ አዲስ ትራክ ሲፈለግ ሺፍትና አር ነው።

ማዳመጥ ላይ ብዙ ጀማሪ የሚሳሳተው አንድ ነገር አለ። ስፔስ ያስጀምራል፣ ያቆማልም፤ ሲያቆም ግን ጠቋሚው ወደተነሳበት ቦታ ይመለሳል። ያቆሙበት ቦታ ላይ ጠቋሚው እንዲቀር ከፈለጉ ኤክስን ይጫኑ። እየተጫወተ ሳለ የግራና የቀኝ ቀስቶች በ1 ሰከንድ ወደ ኋላና ወደ ፊት ይወስዱታል።

አሁን ወደ መቁረጡ። አባት «ደንገሉን ከቆረጥን በኋላ» ይላሉ፣ በመንገዱ የሚያልፍ ባጃጅ ጥሩንባውን ይነፋል፣ ከዚያ «ፀሐይ ላይ እናደርቀዋለን» ብለው ይጨርሳሉ። ከዓረፍተ ነገሩ ትንሽ ቀደም ብለው ያጫውቱ። «በኋላ» እንዳለቀ ከፒ በስተቀኝ ካሉት ሁለት የቅንፍ ቁልፎች የመጀመሪያውን፣ ጥሩንባው እንዳለቀ ሁለተኛውን ይጫኑ። የተመረጠው ክፍል ያ ነው። ስፔስ ተጭነው ያቁሙ፤ ከመሰረዝዎ በፊት ግን የ«ሲ» ቁልፍን ይጫኑ። ፕሮግራሙ ከተመረጠው በፊት 2 ሰከንድ፣ ከተመረጠው በኋላ 1 ሰከንድ አገናኝቶ ያሰማዎታል፤ እስካሁን ምንም አልተቆረጠም።

ድንበሩ ካልተስተካከለ ሺፍትን ይዘው በቀስት ያስፉት፤ ኮንትሮልና ሺፍትን ይዘው የቀኝ ቀስት የግራውን ጫፍ፣ የግራ ቀስት የቀኙን ጫፍ ወደ ውስጥ ይሰበስባል። የቀስቱ እርምጃ በማጉሊያው መጠን ይወሰናል፤ አንዴ ሲጫኑት ብዙ ከዘለለ ኮንትሮልና 1 ተጭነው ያጉሉት። ሲን ደግመው ሲሰሙ ንግግሩ ሳይደናቀፍ ከፈሰሰ ዲሊት ይበሉት። ስህተት ከሆነ ኮንትሮልና ዜድ ይመልሰዋል።

አማርኛ ሲቆረጥ ጥንቃቄ የሚሻው የሚጠብቅ ፊደል ነው። «ሰጠ» ሲባል ከ«ጠ» በፊት የምትሰማው አጭር ዝምታ የቃሉ አካል ናት፤ ትርፍ ዝምታ መስላ ከተቆረጠች ቃሉ ላልቶ ይበላሻል። ስለዚህ ቁርጡ በቃላት መካከል ይሁን፣ ትንፋሽ ካለም ከትንፋሹ በፊት።

ጥሩንባው ከወጣ በኋላ ሁለቱ ሐረጎች ከተጣበቁ፣ መሃላቸው ባዶ ጸጥታ አያስገቡ። ማዕበሉ ድንገት ጠፍቶ ሲመለስ ጆሮ ያውቀዋል። መጀመሪያ ላይ ከቀረጹት የቦታው ድምፅ ግማሽ ሰከንድ በኮንትሮልና ሲ ወስደው፣ መሃል ላይ በኮንትሮልና ቪ ይለጥፉ።

ጥሩንባው ንግግሩ ላይ ከወደቀ መቁረጥ አያድነውም፤ ወዲያው ማስደገም ነው። ጠቋሚውን ከዓረፍተ ነገሩ በፊት አድርገው ሺፍትና ዲ ይጫኑ። የቀደሙት 5 ሰከንዶች በኤርፎን ይሰማሉ፣ ከዚያ ቀረጻው ራሱ ይቀጥላል። ከጠቋሚው በኋላ የነበረው ግን ይጠፋል፤ ስለዚህ ስህተቱ እንደተፈጠረ እዚያው የሚደረግ እንጂ ቀረጻው ካለቀ በኋላ የሚሞከር አይደለም።

መብራት የሚቆራረጥበት ሰፈር ከሆኑ ኮንትሮልና ኤስን ያዘውትሩ። ያ የሚያስቀምጠው ግን የኦዳሲቲን ፋይል ነው፤ ስልክ ላይ አይከፈትም። ለማጋራት ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢ ተጭነው ኤምፒ3 ያውጡ። ሞኖ ሆኖ በ64 ኪሎቢት ሲወጣ 20 ደቂቃው ወደ 10 ሜጋባይት ይሆናል፣ በቴሌግራም ለመላክም አይከብድም። ያልታረመውን ቅጂ በዌቭ፣ ማለትም ድምፁን ሳይጨምቅ በሚያስቀምጥ ፋይል፣ ለብቻው ያኑሩት፤ ባለ 16 ቢት ከሆነ ከ100 ሜጋባይት በላይ ቦታ ይይዛል። ከመላክዎ በፊት የወጣውን ፋይል በኤርፎን ከዳር እስከ ዳር ያድምጡ፤ የስልክ ስፒከር የንፋሱን ጉርምርምታ ስለማያሰማ ያለ ችግር ያለፈ ይመስላል።