ማደሪያ የሌለው ቫሪያብል፦ በባሽ ፈንክሽን ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

«ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» እንላለን። በባሽ (የተጻፉለትን ትእዛዞች የሚያስኬድ ፕሮግራም) ፈንክሽን፣ ማለትም በስሙ በሚጠራ የትእዛዞች ስብስብ ውስጥ፣ የተፈጠረ ቫሪያብልም (ዋጋ የሚይዝ ስም) ማደሪያ ካላበጁለት ስክሪፕቱን፣ ማለትም የትእዛዞቹን ፋይል፣ በሙሉ ሲዞር ይውላል። ትልቁ ስህተት ይህን መርሳት ነው።

ደብረ ማርቆስ ሆኜ ለአንድ የገበሬዎች ማኅበር የእህል መዝገብ የሚደምር ስክሪፕት ጽፌ ነበር። ወረዳዎቹ አምስት ናቸው፦ አነደድ፣ ደጀን፣ ጎዛምን፣ ማቻክልና እነማይ። ዋናው ሉፕ (ትእዛዞችን የሚደጋግመው ክፍል) «አይ» በሚል ቫሪያብል ከ1 እስከ 5 ይቆጥራል፤ በየዙሩ የሚጠራው ፈንክሽንም ከመስከረም እስከ ጳጉሜን ያሉትን 13 ወራት የሚቆጥረው በዚያው በ«አይ» ነው። ሳስኬደው የአነደድ ብቻ ታተመና ቆመ። ምንም የስህተት መልእክት የለም። ፋይሎቹን ስመረምር ግማሽ ቀን ሄደ። ለካስ ፈንክሽኑ ሲጨርስ «አይ» 14 ሆኗል፤ ዋናው ሉፕ ከ5 በልጦ ሲያገኘው አበቃ። ፈንክሽኑ ውስጥ ቫሪያብሉን «ሎካል»፣ ማለትም የዚህ ፈንክሽን የራሱ፣ ብሎ ማወጅ ብቻ ይበቃ ነበር።

ሎካል ያሉት ቫሪያብል ግን ሙሉ በሙሉ የተከለለ እንዳይመስልዎ። ያ ፈንክሽን ሌላ ፈንክሽን ከጠራ፣ የተጠራው ያየዋል፤ ሊለውጠውም ይችላል። ስለዚህ እያንዳንዱ ፈንክሽን የራሱን ያውጅ። ደግሞም ሎካል ብለው በዚያው መስመር ላይ የትእዛዝ ውጤት አይቀበሉ፤ ትእዛዙ ቢከሽፍ እንኳ ሎካል ራሱ ስለተሳካ ክሽፈቱ ይሸፈናል። መጀመሪያ ያውጁ፣ በሚቀጥለው መስመር ይሙሉ።

«ሪተርን» ፈንክሽኑ መሳካቱን ወይም መክሸፉን መንገሪያ እንጂ የስሌት ውጤት መመለሻ አይደለም። የሚይዘው ከ0 እስከ 255 ብቻ ነው፤ 300 ኩንታል ቢመልሱበት 44 ሆኖ ይደርስዎታል። ይህ አደገኛ ነው፣ ምክንያቱም 44 ኩንታልም እውነት ይመስላል። ውጤቱን በ«ኤኮ»፣ ጽሑፍ በሚያትመው ትእዛዝ፣ አውጥተው ይቀበሉት።

ከፓይፕ (የአንዱን ትእዛዝ ውጤት ለሌላው ከሚያቀብለው ምልክት) በስተቀኝ ባለ ሉፕ ውስጥ መደመርም እንዲሁ ያታልላል። ያ ሉፕ በራሱ ንዑስ ሼል፣ ማለትም ከዋናው በተለየ የባሽ ቅጂ ውስጥ፣ ስለሚሠራ፣ ሲያበቃ ድምሩ አብሮት ይጠፋል። ፋይሉን በፓይፕ ከማምጣት ይልቅ በሉፑ መጨረሻ ላይ በማዞሪያ ምልክት (<) ያስገቡት።

አሁን ወደ ሪፈረንስ፣ ማለትም በዋጋው ፈንታ የቫሪያብሉን ስም ወደ ማቀበል። ባሽ ለፈንክሽን የሚያቀብለው ዋጋውን ነው። ፈንክሽኑ የእርስዎን ቫሪያብል ራሱን እንዲለውጥ ከፈለጉ ስሙን ያቀብሉ፤ ፈንክሽኑም በ«ሎካል» ላይ የ«ኤን» አማራጭ ጨምሮ ይቀበለው። ብዙዎች እዚህ ላይ ከልማድ የተነሣ የዶላር ምልክት ያስቀድማሉ፤ ያኔ የሚሄደው ስሙ ሳይሆን በውስጡ ያለው ዋጋ ነው። የጆንያው ላይ ጽሑፍ ሲጠየቅ በጆንያው ውስጥ ያለውን ጤፍ እንደ ማስረከብ ነው። ሌላው አደጋ የስም መመሳሰል ነው፦ እርስዎ «ቶታል» የሚባል ቫሪያብል አቀብለው ፈንክሽኑም ተቀባዩን «ቶታል» ካለው፣ ባሽ ስሙ ወደ ራሱ ዞረ ብሎ ያስጠነቅቃል። እኔ የተቀባዩን ስም ሁልጊዜ በሰረዝ ምልክት፣ ያውም ከታች በሚሰመረው፣ እጀምረዋለሁ።

ይህ የ«ኤን» አማራጭ የመጣው በ2014 በወጣው ባሽ 4.3 ነው። ማክ ላይ አብሮ የሚመጣው ባሽ 3.2 ስለሆነ አያውቀውም። ኡቡንቱ ላይም የስክሪፕቱ የመጀመሪያ መስመር «ባሽ» ሳይሆን «ኤስኤች» የሚል ከሆነ የሚያስኬደው ዳሽ የሚባል ሌላ ሼል ነውና እሱም አይቀበለውም፤ መስመሯን አይተው ያስተካክሉ።