ሴቡ ለምትሄዱ፣ እነዚህን ቃላት ያዙ

ፊሊፒንስ ውስጥ ሴቡ ወይም ቦሆል የምትሄዱ ከሆነ፣ ከሰላምታው በፊት የአደጋ ቃላቱን ያዙ። እዚያ እንግሊዝኛ የሚችል ሰው ሞልቷል። ሲደነግጥ ግን የሚጮኸው በአካባቢው ቋንቋ፣ በሴቡአኖ ነው።

«ባግዮ» አውሎ ነፋስ፣ «ባሃ» ጎርፍ ነው። «ሊኖግ» ካሉ የመሬት መንቀጥቀጥ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2013 ቦሆልን የመታው በመጠን 7.2 ነበር። «ሱኖግ» ደግሞ እሳት። ሁለቱ ጆሮ ላይ ይምታታሉ፣ የምታደርጉት ግን ለየቅል ነው። ለሊኖግ ጠረጴዛ ስር ግቡ፣ ለሱኖግ ቶሎ ወደ ውጭ ውጡ።

«ኩያው» አደገኛ ማለት ነው። ወጣቶቹ ግን «ጉድ ነው!» ለማለትም ይጠቀሙበታል፣ ስለዚህ የተናጋሪውን ፊት እዩ። እርዳታ ከፈለጋችሁ «ታባንግ!» ብላችሁ ጩኹ። የድንገተኛ ጥሪው ቁጥር 911 ነው።