የማዕዘናዊ ጎነ ሦስት ጎን አልገኝ ሲል፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱ፣ መፍትሔው

ጎንደር ላይ የማስጠናቸው የስምንተኛና የዘጠነኛ ክፍል ልጆች ስለ ማዕዘናዊ ጎነ ሦስት፣ ማለትም አንዱ ማዕዘኑ 90 ዲግሪ ስለሆነ ጎነ ሦስት፣ የሚናገረውን የፓይታጎረስን ቲዎረም በቃላቸው ያውቁታል። ሀ² + ለ² = ሐ² በሉ ሲባሉ (ሐ ከ90 ዲግሪው ፊት ለፊት ያለው ጎን ነው) ሳይደናቀፉ ይሉታል። ጥያቄ ሲመጣ ግን መልሱ ይበላሻል። ስሕተቱ የሚገባው ከቀመሩ በፊት ነው፤ የ90 ዲግሪው ማዕዘን የት እንዳለ ሳያዩ ቁጥር ሲከቱ። ስለዚህ የትኛውንም ጥያቄ ስትጀምሩ ምስሉን ሳሉ፣ 90 ዲግሪው ላይ ትንሿን ካሬ አድርጉበት፣ ከእሱ ፊት ለፊት ባለው ጎን ላይ «ሃይፖተነስ» ብላችሁ ጻፉ። ቁጥር የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው።

ምልክት፦ መልሱ ከሚገባው በላይ ረዘመ፣ ወይም ስኩዌር ሩት ውስጥ ኔጌቲቭ ቁጥር ገባ

10 ሜትር መሰላል ግድግዳ ላይ ተደግፏል፤ እግሩ ከግድግዳው 6 ሜትር ይርቃል። ጫፉ ስንት ሜትር ከፍታ ላይ ነው? ብዙ ልጆች 100 + 36 = 136 ይሉና 11.66 ይጽፋሉ። የ10 ሜትር መሰላል 11.66 ሜትር ላይ ሊደርስ አይችልም። ምክንያቱ ሁለት ቁጥር ሲሰጥ የመደመር ልማድ ነው። ግድግዳውና መሬቱ የሚገናኙበት 90 ዲግሪ ስለሆነ ሃይፖተነሱ መሰላሉ ራሱ ነው፤ ሃይፖተነስ ከተሰጠ ደግሞ እንቀንሳለን። 100 − 36 = 64፣ መልሱ 8 ሜትር። ከ36 ላይ 100 የቀነሰ ልጅ ኔጌቲቭ ያገኛል፤ ያ የቱን ከየቱ እንደሚቀንስ መሳቱን ይነግረዋል።

አንድ መፈተኛ ሁሌም ያዙ፦ ሃይፖተነስ ከሁለቱም ጎኖች ይረዝማል፣ ከድምራቸው ግን ያጥራል። ጎኖቹ 6 እና 8 ሆነው 14 ካገኛችሁ፣ ስኩዌር ሩቱን ለ36 እና ለ64 ለየብቻ አውጥታችሁ ደምራችኋል ማለት ነው። መጀመሪያ ደምሩ፣ ከዚያ ሩቱን አውጡ።

ምልክት፦ ስሌቱ ሁሉ ልክ ነው፣ መልሱ ግን ስሕተት

ቀመሩ ከማይሠራበት ቦታ ገብቷል። የቤት ጣሪያ እንውሰድ። ስፋቱ 8 ሜትር ነው፣ ካፕሪያታው (ጣሪያውን የሚሸከመው ጎነ ሦስት) መሃል ላይ 3 ሜትር ከፍ ይላል። አንዱ ተዳፋት ስንት ሜትር ነው? 64 + 9 = 73 ያለ ልጅ 8.54 ያገኛል። ትልቁ ጎነ ሦስት ግን 90 ዲግሪ የለውም። ከጫፉ ወደ ታች ቁመቱን ስታወርዱ ሁለት እኩል ማዕዘናዊ ጎነ ሦስቶች ይወጣሉ፤ የእያንዳንዳቸው መሠረት 4 ሜትር ነው። 16 + 9 = 25፣ ተዳፋቱ 5 ሜትር።

ይህ መፍትሔ ራሱ ሌላ ችግር ስለሚወልድ እዚህ ላይ ረጋ በሉ። ልጆች ከጣሪያው ጥያቄ «ቁመት መሠረቱን እኩል ለሁለት ይከፍላል» የሚል ሕግ ይዘው ይሄዳሉ። እኩል የሚከፍለው ሁለቱ ተዳፋት እኩል ሲሆኑ ብቻ ነው። ጎኖቹ 6፣ 8 እና 10 በሆኑ ማዕዘናዊ ጎነ ሦስት ላይ፣ ከ90 ዲግሪው ወደ ሃይፖተነሱ የሚወርደውን ቁመት ፈልጉ ሲባሉ 10ን ለሁለት ይከፍላሉ። በ6 በኩል ሲሠሩት 36 − 25 = 11፣ ቁመቱ 3.32 ይሆናል። በ8 በኩል ሲሠሩት 64 − 25 = 39፣ ቁመቱ 6.24 ይሆናል። አንድ ቁመት ሁለት ርዝመት ሊኖረው አይችልምና ግምቱ ወድቋል።

መፍትሔው የጎነ ሦስቱን የቦታ ስፋት በሁለት መንገድ ማስላት ነው። 6 × 8 ÷ 2 = 24። ያው ስፋት 10 × ቁመት ÷ 2 ነው፤ ስለዚህ ቁመቱ 4.8። ሃይፖተነሱ የተከፈለው 3.6 እና 6.4 ሆኖ ነው፤ 36 − 12.96 = 23.04 ይመጣል፣ እሱም የ4.8 ካሬ ነው።

ማዕዘኑ 90 መሆኑ ያልተነገረ እንደሆነስ? ግንበኞች መሠረት ሲያወጡ የሚያደርጉትን አድርጉ። በአንዱ ሲባጎ ላይ 3 ሜትር፣ በሌላው ላይ 4 ሜትር ይለኩና ሁለቱን ጫፎች የሚያገናኘው መስመር 5 ሜትር መሆኑን ያያሉ። ከ5 ከበለጠ ማዕዘኑ ተከፍቷል፣ ካነሰ ጠብቧል። ደብተር ላይም ትልቁን ጎን ካሬ አድርጉና ከሌሎቹ ሁለት ካሬዎች ድምር ጋር አስተያዩ።

ምልክት፦ አንድ ጎንና አንድ ማዕዘን ተሰጥቶ የማይታመን ቁጥር ወጣ

የፋሲል ግንብ ቁመት ወደ 32 ሜትር ይጠጋል። ከማማው 40 ሜትር ርቃችሁ ቆማችሁ ጫፉን በ37 ዲግሪ አያችሁት እንበል። ከማዕዘኑ ፊት ለፊት ያለው ቁመቱ ነው፣ አጠገቡ ያለው ርቀቱ ነው፤ ሁለቱን የሚያገናኘው ታንጀንት ነው። የ37 ዲግሪ ታንጀንት 0.7536 ነው፤ 40 × 0.7536 = 30.1። ዓይናችሁ ከመሬት 1.5 ሜትር ላይ ካለ ደምሩት፣ 31.6 ይሆናል።

ካልኩሌተሩ −33.6 ካሳያችሁ ራዲያን (ሌላው የማዕዘን መለኪያ) ላይ ነው፤ ወደ ዲግሪ መልሱት። 24 ሜትር ገደማ ከወጣ በታንጀንት ፈንታ ሳይን ተጠቅማችኋል። ሳይን ሃይፖተነሱን ይፈልጋል፣ እሱ ደግሞ ከዓይናችሁ እስከ ጫፉ ያለው ያልተለካው መስመር ነው። ሌላው ስሕተት ከቀመር ውጭ ነው፦ ርቀቱ የሚለካው ከፊታችሁ እስካለው ግድግዳ ሳይሆን ከማማው ጫፍ በቀጥታ ወደ ታች እስከሚወርደው ነጥብ ነው። ማማው ከግድግዳው ወደ ውስጥ ገባ ካለ፣ እስከ ግድግዳው ብቻ የለካ ሰው ቁመቱን አሳንሶ ያገኛል።

የቀሩት ቀላል ናቸው። በ30፣ 60፣ 90 ጎነ ሦስት ላይ የሃይፖተነሱ ግማሽ የሆነው ከ30 ዲግሪው ፊት ለፊት ያለው ጎን ነው፤ አጠገቡ ያለው አይደለም። አንዱ ጎን በሴንቲሜትር፣ ሌላው በሜትር ከተሰጠ ካሬ ከማድረጋችሁ በፊት አንድ አድርጓቸው። ነጥቡን ማጠጋጋት ደግሞ የመጨረሻው መስመር ላይ ብቻ ይሁን።